ከድሬዳዋ ሙቀት ወደ ዱባይ ማራቶን፦ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳግም እንዳልቀመጥ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ሯጭ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዕድሜዬ 38 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። በመጪው ጥር የዱባይ ማራቶንን ለመሮጥ ወስኛለሁ፤ እዚያ የሚሠራ ወንድም ስላለኝ የማረፊያው ጉዳይ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሩጫው ራሱ ነው። መስከረም እየተገባደደ በመሆኑ አሥራ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶኛል፤ ይህንንም ጊዜ እንደ ባለፈው በዘፈቀደ ማባከን አልፈልግም።

ባለፈው የምለው ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ የሮጥኩትን የመጀመሪያ ማራቶኔን ነው። ያን ቀን የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሮጥኳቸው፤ እግሬ ቀሎኝ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበልኝ፣ ይበልጡኛል ብዬ የማስባቸውን ሰዎች እያለፍኩ ስለነበር በዓል እንጂ ውድድር አልመሰለኝም። ግማሹን በ1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ አለፍኩ። 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭኔ መክበድ ጀመረ፤ 32ኛው ላይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር ልፈታ ብሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ክሩን ለምን መፍታት እንደፈለግኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ትንሽ ልጅ ግማሽ ሙዝ ሰጠኝና እሱን በልቼ፣ ጥቂት እየሄድኩ ጥቂት እየሮጥኩ በ4 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨረስኩ።

አሁን በሳምንት 45 ኪሎ ሜትር ያህል እሮጣለሁ። በቅርቡ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ የግማሽ ማራቶንን ርቀት ብቻዬን ሰዓት ይዤ በ1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨርሻለሁ። የዱባይ ግቤ 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ከእናንተ ማወቅ የምፈልገው፣ በመጀመሪያ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቦታ በመሆኗ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐረር ወይም ወደ ሐረማያ ወጥቼ ብሮጥ ይጠቅመኛል ወይ የሚለውን ነው። ሁለተኛው የውድድሩ ቀን ፍጥነቴን እንዴት ልከፋፍለው የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው ምግብና መጠጥን ይመለከታል። በዚህ ላይ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የሚቆየውን ጾመ ነቢያት እጾማለሁ፤ ለታኅሣሥ 19 ደግሞ በየዓመቱ ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ የመሄድ ስለት አለብኝ። ሁለቱም ልምምዱ በሚከብድበት ወቅት ላይ ይወድቃሉ።

የጀጎል ዙር

ወንድሜ፣ በድሬ ልጆች ዘንድ «አንቱ» ማለት ሰውን እንደ ማራቅ ስለሚቆጠር አንተ ብዬ ብጽፍልህ ቅር እንደማይልህ እገምታለሁ። የምኖረው ሐረር ነው፤ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል፤ በወጣትነቴ ለክለብ ሮጫለሁ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ።

የሒሳብ ሰው ስለሆንክ በሒሳብ ልንገርህ። ዕዳው የተከፈለው 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይሁን እንጂ ብድሩን የወሰድከው ሕዝቡ ሲያጨበጭብልህ ነው። የሰው ልጅ በጡንቻውና በጉበቱ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ የሚያከማቸው ስኳር ከ400 እስከ 500 ግራም ቢደርስ ነው፤ ይህም ወደ 2,000 ካሎሪ ይጠጋል። ሯጭ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ፣ 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶንን ለመጨረስ 3,000 ያህል ያስፈልገዋል። የጎደለውን የሚሞላው ከሰውነት ስብና በመንገድ ላይ ከሚወሰደው ምግብ ነው። ችግሩ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሰውነት ስቡን ትቶ ግላይኮጅኑን ይበልጥ የሚመነዝር መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ኪሎ ሜትሩን ከ3 ሰዓት ከ30ው ፍጥነት 24 ሰከንድ ያህል አስቀድመህ ስትሮጥ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያተረፍከው 2 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ የከፈልከውን ግን አንተው ታውቀዋለህ።

ታላላቆቹም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። ኤሊውድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2022 በርሊን ላይ 2:01:09 ሲገባ የመጀመሪያውን ግማሽ በ59:51 አልፎ ሁለተኛውን በ61:18 ነበር የጨረሰው። በዓመቱ ኬልቪን ኪፕተም ቺካጎ ላይ 2:00:35 ሲሮጥ የመጀመሪያው ግማሽ 60:48፣ ሁለተኛው 59:47 ነበር። የእኛዋ ትዕግስት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ ግማሹን በ66:20 አልፋ ቀሪውን በ65:33 ነው ያገባደደችው። ኪፕቾጌን የሚያህል ሰው ከፊት የፈጠነበትን ከኋላ ከከፈለ፣ በሳምንት 45 ኪሎ ሜትር የምንሮጥ ሰዎች ከፊት ፈጥነን እናመልጣለን ብለን የምናስብበት ምክንያት አይታየኝም።

ግብህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። በቂ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው የግማሽ ማራቶን ሰዓቱን በሁለት አባዝቶ 10 ደቂቃ ቢጨምርበት የማራቶን ሰዓቱን ያገኛል፤ ለአንተ 3:26 ይሆናል። እንደ አንተ በሳምንት 45 የሚሮጥ ሰው ግን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጨመር ስለሚኖርበት 3:31 እና 3:36 መካከል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ 3:30 የሚቻል ነው፤ የሚቻለው ግን በሳምንት የምትሮጠውን በዝግታ እየጨመርክ ወደ 70 ካደረስከው ነው። ሦስት ሳምንት ጨምረህ አራተኛውን ቀነስ አድርግ፤ ጅማት እንደ ልብና እንደ ሳንባ ቶሎ አይለምድም።

ከሁሉ በፊት ማስተካከል ያለብህ ቀላል ሩጫህን ነው። አላየሁህም፣ ግን ብቻቸውን የሚሮጡ ሰዎች ሁሉ በሽታቸው አንድ ነው፦ በየቀኑ መካከለኛ ፍጥነት ይዘው፣ ለቀላሉ ፈጣን ለፈጣኑ ቀላል በሆነ ሩጫ ይደክማሉ። ቀላል ሩጫህ ኪሎ ሜትሩ ከ5:45 እስከ 6:15 ይሁን፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ይዘግይ። አብሮህ ከሚሮጥ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካልቻልክ ቀላል አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ስፒድ ሥራ፤ ለምሳሌ 1 ኪሎ ሜትርን ስድስት ጊዜ በ4:25 እና በ4:30 መካከል፣ በየመሐሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሶምሶማ እያረፍክ። ሌላ አንድ ቀን ከ14 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ሮጠህ ከውስጡ 8፣ ኋላ ላይም 12 ያህሉን በማራቶን ፍጥነትህ አድርገው። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሆናል፤ ከ22 ጀምረህ እስከ 32 ታደርሰዋለህ፣ ከ3 ሰዓት ግን አታሳልፈው። ከውድድሩ ሦስትና አራት ሳምንት ሲቀረው 30 ኪሎ ሜትር ሮጠህ የመጨረሻዎቹን 12 በማራቶን ፍጥነት መጨረስ ከቻልክ 3:30 ያንተ ነው፤ ካልቻልክ ያለ ምንም ኀፍረት ወደ 3:38 ቀይረው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት መጠኑን እየቀነስክ ፍጥነቱን ሳትተው የምታርፍባቸው ናቸው። ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ነው «የቀረኝን ልሙላ» ብሎ የሚያበላሸው።

የውድድሩ ቀን የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ከ5:05 እስከ 5:10 ሩጥ። ከዚያ 4:57 ያዝና ግማሹን በ1:45 ከጥቂት ሰከንድ እለፍ፤ ያንኑ ይዘህ እስከ 30 ከደረስክ ቀሪው የልብ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር አትርሳ፦ 4:59 እየሮጥክ 42.195ን ብታባዛው 3:30:16 ነው የሚወጣልህ። በዚያ ላይ ማንም ሰው በተለካው መስመር ላይ ሚሊ ሜትር ሳይዛነፍ ስለማይሮጥ የእጅ ሰዓትህ መጨረሻ ላይ 42.5 ገደማ ያሳይሃል፤ ስለዚህ በሰዓትህ ላይ የምታየው አማካይ 4:56 መሆን አለበት። በመንገዱ ላይ የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች እንጂ የሰዓትህን ጩኸት አትመን።

ወደ እኛ መውጣትህን እደግፈዋለሁ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሐረማያ ሜዳም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ከሐረማያ በአወዳይ አድርጎ ሐረር የሚገባው አስፋልት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የጫት መኪኖች ለገበያ ሲጣደፉ ለሯጭ አይራሩምና የመንገዱን ግራ ዳር ይዘህ ፊት ለፊት እያየሃቸው ሩጥ። እኔ ታዳጊዎቼን የማሮጠው ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው፤ ዙሩ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ውኃህን አንድ ቦታ አስቀምጠህ ስምንት ጊዜ መዞር ትችላለህ። ሳይነጋ አትጀምር ብቻ። በፈላና በር በኩል ጅቦቹ ወደየጉድጓዳቸው የሚመለሱበት ሰዓት ነው፤ ለእኛ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ አንተን ግን አያውቁህም።

ከዚራ ጥላ

የሙያዬ ነገር ስለሆነ ስለ ሙቀቱና ስለ ውኃው ልጨምር። ነርስ ነኝ፤ ሁለት ማራቶን ሮጫለሁ፤ ልምምዴን ሁሉ የማደርገው እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ነው።

ሙቀታችንን እንደ ጠላት ብቻ አትየው። ሰው በሙቀት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን በተከታታይ ሲንቀሳቀስ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። አንተ ይህ ሁሉ አለህ። ዱባይ ደግሞ በጥር ማለዳ ከእኛ የባሰ ሙቀት የላትም፤ ሜዳማና በባሕር ወለል ላይ ያለች ስለሆነች ከድሬ የሚሄድ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። እርጥበቱ ግን ከእኛ ይበልጣል፤ ላብ በቀላሉ አይደርቅም። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ዓይተናል፤ የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳን ከተሰለፉት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እዚህ ስትለማመድ በሰዓት ሳይሆን በድካምህ መጠን ሩጥ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያው ልብ ያው ምት እየመታ ኪሎ ሜትሩ 20 ወይም 30 ሰከንድ ቢዘገይ አቅምህ አልቀነሰም፤ ደምህ ለቆዳህም ለጡንቻህም መድረስ ስላለበት ነው።

የሚጠጣውን በግምት አትተወው። እኔ በግንቦት አንድ ጠዋት 24 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስመለስ የባርኔጣዬ ጠርዝ ላይ የጨው መስመር ነጭ ሆኖ ደርቆ ነበር። ሚዛን ላይ ስወጣ ከመነሻዬ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ቀንሻለሁ፤ በመንገድ ላይ 1 ሊትር ጠጥቼ ስለነበር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የወጣኝ ላብ 3 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው ማለት ነው። አንተም ከረጅም ሩጫ በፊትና በኋላ ልብስህን አውልቀህ ተመዘን፤ ያንተን ልክ የሚነግርህ እሱ ነው። የወጣውን ሁሉ መተካት አያስፈልግም፤ ሆድም አይችለውም። በቀዝቃዛ ማለዳ በሰዓት ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ለብዙ ሰው ይበቃል። ከላቡ በላይ ውኃ ብቻ እየጋቱ መሮጥ ደግሞ የደምን ጨው አቅጥኖ አእምሮን እስከ ማሳት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሞት የሚያደርስ አደጋ አለው፤ ስለዚህ «በየጣቢያው ጠጣ» የሚልህን ሁሉ አትስማ።

ምግቡን በተመለከተ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የምትችል ከሆነ ያ የጫማ ክር ነገር አይደገምም። ጄል (ሯጮች በመንገድ ላይ የሚወስዱት የታሸገ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ማግኘት ቀላል ስላልሆነ እኔ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ ሎሚ ጨምቄ እበጠብጣለሁ፤ 60 ግራም ስኳር ገደማ ይኖረዋል። ቴምርም ጥሩ ነው፤ አራት መካከለኛ ፍሬ ከአንድ ጄል ጋር ይመጣጠናል። የውስጡን ዘር ቤት ሳለህ አውጥተህ፣ እያንዳንዱን ቴምር ለየብቻ ጠቅልለህ ያዝ። እኔ መጀመሪያ እንዲሁ በፌስታል ኪሴ ውስጥ ከትቼው 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳወጣው ቴምሩ፣ ፌስታሉና ኪሴ አንድ ላይ ተጣብቀው አገኘኋቸው። መጀመሪያ የምትወስደው ሳይርብህ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋልና በየረጅሙ ሩጫ ሞክረው። በዋዜማው ሩዝ ወይም ፓስታ ከድንች ጋር ብላ፤ ሽሮና ባቄላ ለሌላ ቀን ይቆዩ። በዚያ ቀን ጠዋት አዲስ ነገር አትቅመስ፣ ወንድምህ ቢያዝንም።

ስለ ጾሙ የምናገረው እንደ ሯጭ ብቻ ነው፤ ሌላውን ለንስሐ አባትህ ትተዋለህ። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ሰዓት ተቆጥሮ ስለማይጾም ረጅሙን ሩጫ እዚያ ላይ ማድረግህ ከልምምዱም ከሥርዓቱም ጋር ይስማማል። በሥራ ቀናት ስፒዱን ማለዳ ሮጠህ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድህን ከምትቀመጥ ወደ ማታ ብታዞረው ይሻላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ከተማችንም የምትራራበት ወቅት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝና ሱፍ ጡንቻህን ይጠግኑልሃል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር አይሁን፣ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክላሉ።

ደንገጎ

ሁለታችሁም ያልነካችሁትን ልጠቁም። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ላይ መውጣት ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጨምር ዱባይ ላይ እንደ ክንፍ ያገለግልሃል። ከዚያም በላይ ግን ከደንገጎ እስከ ድሬ ያለውን ቁልቁለት በየሳምንቱ ሮጠህ ብትወርደው እግርህ ፍጥነት ይለምዳል። እኔ ሁለት ዓመት እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ሰዓቴም ተሻሽሏል።

የጀጎል ዙር

ወንድሜ ደንገጎ፣ ሰዓትህ መሻሻሉን አልጠራጠርም፤ ምክንያቱ ግን የጠቀስከው አይመስለኝም። ከፍታ ደምን የሚለውጠው ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስትና አራት ሳምንት ሲኖርበት፣ ሲተኛበትም ጭምር ነው። ቅዳሜ ወጥቶ ቅዳሜ የሚመለስ ሰው ከሐረር የሚያገኘው ቅዝቃዜውን ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በድሬ ፀሐይ 24 ላይ የሚያልቅ ሰው እዚህ 30 መሮጥ ይችላል፣ ልዩነቱን የሚፈጥረውም ያ ነው።

ቁልቁለቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቁልቁል ስንሮጥ የፊት ጭናችን እየተለጠጠ ክብደታችንን ስለሚገታ ጡንቻው በጥቃቅን ይሰነጣጠቃል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ውድድሩ ኮረብታማ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ጊዜ መለማመዱን እኔው እመክረው ነበር፤ ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ 2:06:26 ሮጦ ያሸነፈው ዳገትና ቁልቁለቱ ብዙዎችን በፈተነበት መንገድ ነው። ዱባይ ግን ጠረጴዛ ነው። ታምራት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ሲያሸንፍ 2:04:11 ነበር የገባው። ሜዳ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያው ጡንቻ፣ ያው እርምጃ፣ ዓይን የሚያርፍበት ለውጥ የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ። ለዚህ የሚያዘጋጀው የድሬ ሜዳማ አስፋልት ነው፤ ስለዚህ ጠያቂያችን ረጅሙን ሩጫ አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እዚያው ቢያደርገው ሁለቱንም ያገኛል። የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ሲሸት ደግሞ ሯጭ የሚገባበት ቦታ የለም።

ለገሃር

አቦ ማንም አልጠየቀም እንጂ የእኛ ቡድን ችግር ይህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ረጅም እንሮጣለን፣ ከሰዓት ጫት ይዘን በርጫ እንቀመጣለን። ጉዳት አለው?

ከዚራ ጥላ

አለው። ጫት የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ይነሳል፤ ጡንቻ ግን ግላይኮጅኑን የሚሞላው በመብላት፣ የተጎዳውን የሚጠግነው በመተኛት ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ ያሉትን ሰዓቶች ለበርጫ ከሰጣችኋቸው የጠዋቱን ድካም ግማሹን ደፋችሁት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲን የተባለ ንጥረ ነገር ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ በውድድር ወቅት የተከለከለ መሆኑንም ዕወቁ። ጠያቂያችን ደግሞ ለጓደኛም ቢሆን አንዲት ቅጠል በሻንጣው እንዳይዝ፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስቀጣ ነው።

የሳቢያን ሯጭ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ አንተ ቢሉኝም ዕድሜዎን ከነገሩኝ በኋላ እኔ አንቱታውን መተው አልቻልኩም። ትናንት ማታ የሰዓቴን መዝገብ ከፍቼ ያለፉትን ሁለት ወራት ሩጫዎች ተመለከትኩ። እንዳሉት ሁሉም 5:05 እና 5:20 መካከል ናቸው፤ ቀላል የምለው ሩጫም፣ ከባድ የምለውም። ዛሬ ጠዋት 6:10 ለመሮጥ ሞከርኩ፤ አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለ ልጅ እየሮጠ አለፈኝና ልከተለው ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ያልተመለሰልኝ የቁልቢው ጉዳይ ነው። መንገዱን በእግር ስሄድ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይፈጅብኛል። ውድድሩ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ገደማ ነው የሚቀረው፤ ያ ሳምንት ትልቁን ረጅም ሩጫዬን የማደርግበት ነው። ስለቱን ላስቀር አልችልም፤ ሁለቱን ግን እንዴት ላስማማቸው?

የጀጎል ዙር

ስለት አይቀርም፤ ሩጫው ነው የሚሸጋሸገው። የቁልቢን መንገድ የዚያ ሳምንት ረጅም ሩጫህ አድርገህ ቁጠረው። መሄድ ቢሆንም ያን ያህል ሰዓት በእግር መቆም ለጅማትና ለእግር ትልቅ ሥራ ነው፤ በላዩ 32 ኪሎ ሜትር ብትደርብበት ጥር ላይ የምትሮጠው በሕመም ይሆናል። በዚያ ሳምንት ከመሄድህ በፊት ሁለት ቀላል ሩጫ ብቻ ሩጥ፤ ከተመለስክ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ዕረፍ። 32ቱን አንድ ሳምንት አስቀድመው፤ የመጨረሻዎቹን 12 በማራቶን ፍጥነት የምትጨርሰውን 30 ደግሞ ከቁልቢ መልስ ባለው ሌላ ሳምንት፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አድርገው። አዲስ ጫማ ለብሰህ ቁልቢ እንዳትሄድ፤ የውድድሩንም ጫማ ለዚያ መንገድ አታውለው፣ ሶሉ እዚያው ያልቃል። ውኃ የቋጠረ እግር ለመዳን አሥር ቀን ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ከደንገጎ ወደ ቁልቢ ያለው መንገድ በምእመናንና በመኪና ስለሚሞላ እዚያ ለመሮጥ አትሞክር።

በተረፈ የመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከታዳጊዎቼ ጋር ሸዋ በር እገኛለሁ። ከድሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከወጣህ ባትደርስም አንድ ዙር ብቻ ነው የሚያመልጥህ፤ ስድስቱን አብረኸን ትዞራለህ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ግን ከእኔ ኋላ ነው የምትሮጠው።